ያልተቆጠረ ጉርሻ

አቤኔዘር ከሞተ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከእራት ግን ቀርቶ አያውቅም።

የሚመጣው ቤተሰቡ ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዞ ሲቀመጥ ነው። ከሚስቱ ከኖላዊት በስተግራ፣ በእሷና በግድግዳው መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ፣ ያ ግዙፍ ሰውነት እንዴት እንደሚበቃው እንጃ፣ ገብቶ ይቀመጣል። አይናገርም። ፊቱ እንደ መጨረሻዎቹ ሳምንታት ቢጫ አይደለም፤ የደህናው ጊዜ ፊቱ ነው፣ ሰፊና ሳቂታ። ኖላዊት እሱን አትፈራውም። ዕድሜ ልኳን አብራው የኖረችውን ሰው፣ ሞተ ብላ ልትፈራው አትችልም። የምትፈራው እራቱ ሊያልቅ ሲል የሚያደርገውን ነው። ቀስ ብሎ ወደ እሷ ይዞርና አፉን ይከፍታል።

ከእሷ በቀር የሚያየው የለም። ልጇ ናሆም፣ ምራቷ ሶልያና እና ሰባት ዓመት የሞላት የልጅ ልጇ ሔመን በዚያች የደብረ ብርሃን ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ እንደ ማንኛውም ቤተሰብ ይበላሉ። በዚያ ዘመን እራት ማለት እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ትሪ ይቀርብለታል፤ ትሪዋ የድሮ የሻይ ማቅረቢያ ብታክል ነው። ከእጅ አንጓ ቆዳ ሥር የተቀበረው ቆጣሪ፣ እጅ እህል ባነሳ ቁጥር፣ በጣቶቹ መካከል ምን ያህል ቅቤ፣ ምን ያህል ዘይት፣ ምን ያህል ስኳር እንዳለ ይይዛል። የቀን ድርሻ ሲያልቅ ጣት ይደነዝዛል። ሕመም የለውም። እጅ ዝም ብሎ ትሪው ጠርዝ ላይ ይወድቃል። ያ እጅ በር ይከፍታል፣ ልጅ ያቅፋል፣ ያማትባል፤ እህል ግን እስከ ማለዳ አይጨብጥም።

ስለዚህ በየቤቱ የማዕድ ማብቂያ የሚታወቀው እጆች በየተራ ሲወድቁ ነው። የአባወራው እጅ ቀድሞ ከወደቀ ልጆች ይሳሳቁበታል። የእንግዳ እጅ ቀድሞ ከወደቀ ባለቤቶቹ አይተው እንዳላዩ ይሆናሉ። ሰው ሁሉን ይለምዳል፤ ይህንንም ለምዶታል።

ቆጣሪው የመጣው በጉበት ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ትውልድ ጉበቱ ጮማ ቋጥሮ ነበር፤ የሚጠጣውም የማይጠጣውም፣ ወፍራሙም ቀጭኑም፣ ቅቤ የሚወደውም፣ “እኔ እንኳ ጾሜን ነው” እያለ ዳቦና ለስላሳ የሚያወርደውም። ስኳሩንም ቢሆን ጉበት ወስዳ ጮማ ታደርገዋለች። ደግሞ እንደ ጥርስ ጮኻ አትናገርም። ጮማውን ዝም ብላ ታከማቻለች፤ ከዚያ ትቆጣለች፤ ከዚያ ጠባሳ ታወጣለች፤ በመጨረሻ ትደርቃለች። ብዙው ሰው ጉበት እንዳለው የሚያውቀው ከደረቀች በኋላ ነበር። ቆጣሪው ለዚህ የተገኘ መላ ነው፤ ሐቁን ለመናገር ብዙ ሰው አትርፏል። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነበር። የሠሩት ሰዎች፣ ከየትኛው አገር እንደሆኑ እንጃ፣ ሰው ሁሉ በገዛ እጁ ብቻ የሚበላ መስሏቸው ነበር።

አቤኔዘር የእህል መኪና ሹፌር ነበር። መኪናው ራሱን ስለሚነዳ የሹፌሩ ሥራ መቀመጥ ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ተቀምጦ ይሄዳል፣ ተቀምጦ ይመለሳል፤ ቤት ሲገባ ግን ኩንታል ሲሸከም የዋለ ሰው ያህል ይርበዋል። ቆጣሪው በገባበት ዓመት አንድ ቀን ኖላዊት ጭኮ አቀረበች። ገብሱን ራሷ ቆልታ፣ ራሷ አስፈጭታ፣ በለጋ ቅቤ ያሸችው ጭኮ ነው። አቤኔዘር ገና ሁለት ጊዜ እንዳነሳ እጁ ወደቀ። መጫወቻውን እንደቀሙት ሕፃን ከንፈሩን ሲነክስ አየችው፤ አንጀቷን በላት። ከራሷ ድርሻ ቆርሳ፣ ድብልብል አድርጋ ወደ አፉ ዘረጋችለት።

“ኧረ ተይ፤ ይቆጥራል” አላት።

“የሚቆጥረው በእኔ ነው። በሞቴ።”

አቤኔዘር አንጓዋን አየ፣ ፊቷን አየ፣ አፉን ከፈተ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኖላዊት ግማሽ ድርሻዋን ትበላለች፣ ግማሹን ታጎርሰዋለች። እየቆየ ሲሄድ ሩቡን ብቻ እየበላች የቀረውን ታጎርሰው ጀመር። ሴትየዋ ለቃላት የታደለች አልነበረችም፤ ባሏን “እወድሃለሁ” ብላው አታውቅም፤ የምትወደው በእጇ ነበር። በቆጣሪው ዓይን ጮማ በሊታዋ እሷ ሆነች፣ ቁጥቡ እሱ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። ጤና ጣቢያው እሷን እየጠራ ይመክራታል፤ እሱን ደግሞ አርአያ ብሎ በሰፈሩ ሰው ፊት አጨበጨበለት። ያን ማታ ሁለቱ በሳቅ ሞቱ።

የጉበት ማያው መሣሪያ የሚከፈተው ቆጣሪው ለጠራው ሰው ነው፤ አቤኔዘርን ደግሞ ቆጣሪው ጠርቶት አያውቅም። ስለዚህ ምሳ ከበላ በኋላ እንደ ድንጋይ ሲተኛ ማንም አልጠየቀም። አንገቱ ዙሪያ ሲጠቁር ኖላዊት እድፍ መስሏት በሳሙና ትፈትገው ነበር። በኋላ እግሩ አበጠ፣ ሆዱ ውኃ ቋጠረ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ቀኑን ይተኛል፣ ሌሊቱን ይቀመጣል፤ የማንኪያ ስም ይጠፋበታል። ሐኪሙ ሁለት እጁን ወደ ፊት እንዲዘረጋ ሲያዘው፣ መዳፎቹ ወደ ላይ ወደ ታች ይርገበገባሉ፤ ቆሞ ደህና ሁኑ እንደሚል ሰው። “ቆጣሪው ንጹሕ ነው” አለ ሐኪሙ። “ምክንያቱ አልታወቀም።” ኖላዊት እዚያው ቆማ ነበር። ዝም አለች።

ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ “እንዲያ ተጠንቅቆ እየበላ” እያለ ከንፈሩን መጠጠ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ማንንም አላጎረሰችም። ልጇ ቤት ከገባች በኋላም ቢሆን የልጅ ልጇን እንኳ አላጎረሰችም። ሰው ሐዘን ነው አለ፤ አንዳንዱም ስስት ነው አለ።

ሔመንን ግን የሚያጎርስ ሞልቶ ነበር።

ጠዋት እናቷ ዳቦ በጣፋጭ ሻይ እየነከረች ታጎርሳታለች። ማታ ናሆም ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ የመጀመሪያው ጉርሻ ለሔመን ነው። ጎረቤት የመጣ እንደሆነ “ነይ እስቲ የእኔ ቆንጆ” ይልና ከሳህኑ ያነሳል። አፏ ባዶ ሆኖ ስለማያውቅ የራሷ እጅ እህል የሚያነሳው አልፎ አልፎ ነው። ታዲያ ቆጣሪዋ ምን ይላል? ይህች ልጅ አትበላም ይላል። ሶልያና ቁጥሩን ባየች ቁጥር ሆዷ ይባባል፣ “ልጄ በረሃብ ልታልቅ ነው” ትላለች፣ ታጎርሳታለች። ባጎረሰቻት ቁጥር የልጅቷ እጅ ይሰንፋል፤ በሰነፈ ቁጥር ቁጥሩ ይወርዳል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ንጹሕ ጉበት ላላቸው ልጆች የሚሰጠውን ሪባን ለሔመን ሰጣት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኖላዊት መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሶልያና ልጅቷን ስታጥብ አየች። ሶልያና በስፖንጅ የሔመንን አንገት ትፈትጋለች፤ ልጅቷ ታለቅሳለች።

“ይኼ እድፍ አልለቅ አለኝ፣ እትዬ” አለች ሶልያና። “የት የት እንደምትንከባለል እንጃ።”

ኖላዊት አንገቱን አየችው። ጥቁር፣ እንደ ከፋይ ለስላሳ፣ ዙሪያውን የከበበ። የበሩን መቃን ያዘች። ሔመን ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምትተኛውን እንቅልፍ አሰበች። ደረጃ ስትወጣ በቀኝ በኩል ከጎድኗ ሥር እጇን ማሳረፏን አሰበች። ሁሉንም አይታው ነበር፤ ግን እዚህ ቤት፣ እዚህች ትንሽ ገላ ላይ ይመጣል ብላ አላሰበችም።

በማግሥቱ የቀበሌውን ጤና ሠራተኛ፣ ቢታንያን፣ ደረጃው ላይ ጠብቃ አገኘቻት።

“ልጄ፣ የሕፃን ልጅ ጉበት ማየት ይቻላል?”

“ቆጣሪው ከጠራ ነዋ፣ እትዬ ኖላዊት።”

“ካልጠራስ?”

“ካልጠራ እናት ወይ አባት በቂ ምክንያት ይዘው መጠየቅ አለባቸው። ማንን ብለው ነው?”

“ሔመንን።”

ቢታንያ ሳቀች። “የሔመንን ቆጣሪማ ለሌሎቹ እናቶች ማሳያ አድርጌዋለሁ። አይጨነቁ፤ ይልቅ ትንሽ ትብላ በሏቸው።”

ኖላዊት ሌላ መንገድ ሞከረች። ሰኞ ጠዋት ሶልያና ዳቦውን ሻይ ውስጥ ስትነክር አጠገቧ ተቀመጠች።

“ሶልዬ፣ በራሷ እጅ ትብላ። ተያት።”

“በራሷ እጅማ መቼ ትበላለች? ቆጣሪዋን አላዩም?”

“ቆጣሪው የሚያየው እጅን ነው። አፍን አያይም።”

ሶልያና ዳቦውን አስቀመጠች። ጨዋ ልጅ ናት፤ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። “እትዬ፣ አይቀየሙኝና፣ እርስዎ ልጄን አንድ ቀን አጉርሰዋት አያውቁም። ሐዘን ነው ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁን ደግሞ እኔም እንዳላጎርሳት ነው?”

የአማትና የምራት ነገር ድሮም እንዲህ ነው፤ እውነቱ አንድ ቦታ፣ የሚሰማው ሌላ ቦታ። ኖላዊት የምትመልሰው ነበራት። የአቤኔዘርን አንገት ልትነግራት ትችል ነበር። ግን አንገቱን ከነገረቻት ጭኮውን መንገር አለባት፤ ጭኮውን ከነገረች እጇን። ናሆም ደግሞ አባቱን እንደ ታቦት የሚያይ ልጅ ነው። አባቱን ቀብሮ የተረፈችለት እናቱ ናት፤ እሷም ብትሆን ልጇን ማጣት አልቻለችም። ስለዚህ “እሺ” ብላ ተነሳች። በዚያ “እሺ” ቀኑን ሙሉ ራሷን ጠላች።

ማታ ሁሉም ተቀመጡ። ኖላዊት በስተግራዋ ያለውን ቦታ አየች። ባዶ ነበር።

አቤኔዘር ቦታ ቀይሯል። ከሔመን ጎን፣ ትከሻው ትከሻዋን ሊነካ ደርሶ፣ ተቀምጧል። ወደ ኖላዊት አልዞረም። ናሆም ከትሪው የጎመንና የዘይት ዳጎስ ያለ ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ ልጁ ሲዘረጋ፣ ሔመን አፏን ከፈተች፤ አቤኔዘርም አብሯት ከፈተ። ስታኝክ አኘከ። ስትውጥ ዋጠ። ናሆም ሁለተኛውን አነሳ። ሁለቱ አፎች፣ ትንሹና ትልቁ፣ እኩል ተከፈቱ።

“ናሆም፣ እጅህን መልስ” አለች ኖላዊት።

“ምን?”

“እንዳታጎርሳት። አባትህን የገደልኩት እንዲያ ነው።”

ናሆም ጉርሻውን በአየር ላይ እንደያዘ ቀረ። እሷም ተናገረች። ጭኮውን ተናገረች፣ የወደቀውን እጅ፣ የራሷን ድርሻ እንዴት እየቆጠበች እንዳጎረሰችው፣ ጤና ጣቢያው ሲያጨበጭብለት ቤት ገብተው እንዴት እንደሳቁ። ሐኪሙ ምክንያቱ አልታወቀም ሲል እዚያው ቆማ ዝም እንዳለች ተናገረች። ስለ አንገቱ ተናገረች። “እድፍ አይደለም ሶልዬ። እኔም ፈትጌዋለሁ፤ አይለቅም። ጉበቷ ጮማ ስትሞላ የሚወጣ ነው። ቆጣሪው አያውቅም፤ ሁላችሁም በየእጃችሁ አጉርሳችኋት፣ የእሷ እጅ ንጹሕ ነው።”

ሶልያና ሳትናገር ተንጠራርታ የልጇን አገጭ ያዘች፤ በሌላው እጇ ገና ያልተዋጠውን ከአፏ አስወጣችው። ሔመን ደንግጣ ማልቀስ ጀመረች።

ናሆም ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

“አባዬ ለምኖሽ ነው?”

“ለምኖኝስ አያውቅም። አፉን ይከፍታል። ርቦት ነበር ናሆም። ያን የሚያህል ሰው፣ እጁ ወድቆ ቁጭ ሲል አላስችል አለኝ።”

ናሆም ተነስቶ ሰገነቱ ላይ ወጣ፤ በሩን ከኋላው ዘጋ። በመስተዋቱ ጀርባው ሲንቀጠቀጥ ይታይ ነበር። ኖላዊት ልትከተለው ተነሳች፤ ሶልያና ክንዷን ይዛ አስቀመጠቻት።

በማግሥቱ ልጅቷን ይዘዋት ሄዱ። ወላጆቿ ምክንያት ይዘው ስለጠየቁ መሣሪያው ተከፈተ። ውጤቱን ይዛ ቤት የመጣችው ቢታንያ ነበረች፤ ያን ቀን አልሳቀችም። “ጮማው ብዙ ነው። ተቆጥታለችም” አለች። “ጠባሳ ግን ገና አላወጣችም። ከዚህ ይመለሳል፤ አንድ ዓመት ቢቆይ ኖሮ ሌላ ነገር እናወራ ነበር።” ሕጉ አጭር ነበር። ጣፋጭ ሻይና ለስላሳ የለም፤ ከሰዓት በኋላ ከቤት ወጥታ ትሩጥ፤ የማንም እጅ ወደ ሔመን አፍ አይሂድ።

እንዲህም ሆነ። ቤቱ ግን ቤት አልነበረም። ናሆም እናቱን አላስወጣትም፣ አልሰደባትም፤ መድኃኒቷን ይገዛል፣ ብርድ ልብስ ይጨምርላታል። “እማ” ማለት ግን ተወ። የሚፈልገውን ሲነግራት ግድግዳውን እያየ ነው። ኖላዊት አልተቃወመችም። ልጅቷ ትዳን እንጂ የቀረው ዕዳዬ ነው ብላ ተቀበለችው። ሲመሽ የአቤኔዘርን አፍ ትፈራ ነበር፤ አሁን ደግሞ ልጇ ከሥራ የሚገባበትን ሰዓት ትፈራ ጀመር። አቤኔዘር ወደ ድሮ ቦታው፣ ወደ ግራዋ ተመልሷል፤ ያው አፉን ይከፍታል። “ርቦሃል፣ አውቃለሁ” ትለዋለች በልቧ። “አሁን የለኝም።”

ክረምቱ ወጣ። የሔመን አንገት ቀስ በቀስ ነጣ፤ ደረጃውን እየሮጠች መውጣት ጀመረች። በራሷ እጅ መብላት ለመደች። አንድ ማታ እንደ ትልቅ ሰው ድርሻዋን ጨርሳ ጣቷ ሲደነዝዝ፣ ሶልያና እልል ልትል ምንም አልቀራት።

መስከረም ላይ ነው። በዓል ስለነበር ኖላዊት ከወትሮው በላይ በላች፤ ድርሻዋ አለቀና እጇ ወደቀ። ሆዷ ተወጥሯል፤ እንኳን እህል ውኃም የምትጠጣበት ቦታ የላትም። ሔመን ከትሪዋ የቀራትን የመጨረሻ ቁራሽ አየች፤ ቀና ብላ የአያቷን የወደቀ እጅ አየች። ከዚያ በሁለት እጇ፣ ገና አጠቃለሉን እንደማያውቅ ልጅ፣ ድብልብል ያለ ነገር አዘጋጀች፤ ተነስታም መጣች።

“እማማን ማንም አያጎርሳትም” አለች።

ናሆም ቀና አለ። ሶልያና ልትከለክል አፏን ከፈተች፤ ናሆም በእጁ ምልክት ሰጣት። በዚያ ቤት ለወራት ሰው ሰውን አላጎረሰም ነበር።

ኖላዊት ጠግቤአለሁ ልትል ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሷል። ግን የሔመንን ፊት አየች። ልጅቷ ትንፋሿን ይዛለች፤ ዓይኗ ከአያቷ ከንፈር ላይ አልተነቀለም፤ ትንሿ እጇ እንደተዘረጋች ናት። ይህችን እጅ መመለስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ኖላዊት በዚያ ዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አወቀች። ከልጅነቷ ጀምሮ አጉራሽ እንጂ ጎራሽ ሆና አታውቅም ነበር። ጉርሻ ከዚህኛው ወገን ምን እንደሚመስል፣ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ማንም አልነገራትም።

አፏን ከፈተች።

ጉርሻው ትልቅ ነበር። ጉሮሮዋ እምቢ አለ፤ እንባዋ መጣ፤ አኘከችው። ልጅቷ ፊቷ ሁሉ በራ። ኖላዊት እያኘከች ወደ ግራዋ ዞረች። አቤኔዘር እያያት ነበር፤ ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ አልነበረም፣ የደከመው ሰው ፊት ነበር። ያን ጊዜ ገባት። እነዚያን ዓመታት ሁሉ ርቦት አልነበረም። ጠግቦ ነበር። እሷ እጇን ስትዘረጋ፣ ፊቷን እያየ፣ ጠግቦ አፉን ይከፍት ነበር።

“አንድ ያጣላል፣ እማማ” አለች ሔመን፣ ከአባቷ ትሪ ላይ ሁለተኛውን እየጠቀለለች።

ናሆም ወደ እናቱ አየ። “እማ፣ ካልቻልሽ ተዪው” አላት።

ኖላዊት ራሷን ነቀነቀች፤ አፏንም ከፈተች።